የሚሞቀው ሰደርያ፦ ከሐረር ቁልቢ በሞተር ሳይክል

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ማለዳ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ አማቴን ባሻ ተክሌን ከኋላዬ አፈናጥጬ ከሐረር ወደ ቁልቢ ገብርኤል ጉዞ ጀመርኩ። የጉዞው ምክንያት የእሳቸው ስእለት ነበር። የእኔ ሥራ ደግሞ እሳቸውን አድርሶ፣ ሳይታመሙ መመለስ ነው። ማድረሱ ቀላል፣ ሳይታመሙ መመለሱ ከባድ እንደሆነ ገና ሳንነሳ አውቄዋለሁ።

ባሻ ተክሌ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው ሐረር የቀሩ፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ፣ ኦሮምኛውንም ሐረሪኛውንም እንደ አማርኛው አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ደረታቸው ግን ደካማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ብርድ መትቷቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ሲወጡም ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ሁለተኛ ብርድ ከመታቸው አይተርፉም" አለኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የወታደር ካፖርታቸው ከገላቸው ተለይቶ አያውቅም ነበር። ቀበሌ ስብሰባ በካፖርት፣ ቤተ ክርስቲያን በካፖርት፣ በግንቦት ፀሐይ እንኳ በካፖርት።

ታዲያ ስእለታቸው ምን ይመስላችኋል? የመጨረሻ ልጃቸው ደምሴ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሄደ ዕለት፣ "ልጄን በሕይወት ብትመልስልኝ፣ ካፖርቴን አውልቄ፣ የቁልቢን ብርድ በነጠላ ችዬ ደጅህ እቆማለሁ" ብለው ለገብርኤል ተሳሉ። ደምሴም አካሉ ሳይጎድል ተመለሰና ድሬዳዋ ተመደበ። እኛ በደስታ ስናለቅስ፣ ባሻ ካፖርታቸውን አውልቀው ግድግዳው ላይ ሰቀሉና "እንግዲህ ታኅሣሥ ይድረስ" አሉ።

ሚስቴ አስቴር አባቷን ለመነች፣ ተቆጣች፣ የንስሐ አባታቸውን ሳይቀር ላከችባቸው። አልሆነም። እንዲያውም ሌላው ስእለተኛ እንደሚያደርገው በእግራቸው ሊሄዱ አስበው ነበር። በብዙ ጭቅጭቅ በእኔ ሞተር ለመሄድ ተስማሙ፤ የበዓል ሰሞን አውቶቡስ እንደሆነ እንኳን ለሽማግሌ ለጎረምሳም አይቻልም።

ሰደርያው

ስለ ሰደርያው አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ሐረር የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው። የማስተምረው የኤሌክትሪክ ሥራ ሲሆን፣ በዚያ ላይ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎችን እንድቆጣጠር ስለታዘዝኩ በየሳምንቱ ድሬ ጠያራ፣ ቀርሳ እያልኩ በሞተር እዞራለሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር በማለዳ ሞተር መንዳት ምን እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል። ብርዱ መጀመሪያ ጣት ይወስዳል፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ከዚያ ደረት። ፍሬን ልይዝ ፈልጌ ጣቶቼ አልታጠፍ ያሉበት ቀን አለ። የሥራ ባልደረቦቼ "የደብረ ብርሃን ሰው ሐረር በረደው" እያሉ ይሳለቁብኛል። ደብረ ብርሃን ሳለሁ ሞተር አልነበረኝም ብላቸው ማን ሰምቶኝ።

ደረቴ ላይ ጋዜጣ ደራርቤ ሞከርኩ። ነፋስ ያግዳል፣ ሙቀት ግን አይወልድም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤታችን መጋዘን የተጣለ የኤሌክትሪክ ምድጃ አየሁና ሐሳቡ መጣልኝ። የምድጃ ሽቦ ከቤት መብራት ጋር ሲገናኝ ቀልቶ ይግላል። ከዚያው ሽቦ አሥረኛ እጁን ብቻ ቆርጬ ከሞተሬ ባትሪ ጋር ባገናኘው ግን ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። አስልቼ፣ ለክቼ፣ ሽቦውን እሳት በማይበላው የካውያ ገመድ ልባስ ውስጥ ከተትኩና ወደ ጀጎል ወረድኩ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲገቡ መኪና ግርግር የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እዚያ አብዱላሂ የሚባል፣ የሐረሪ ሴቶችን ቀሚስ በመስፋት የታወቀ ልብስ ሰፊ ወዳጅ አለኝ። ሽቦውን ዘርግቼ ሳሳየው መኪናውን አቆመ።

"ወላሂ መምህር፣ ሰው ሁነህ መኖር ሰለቸህ እንዴ? ሬዲዮ ልትሆን ነው?"

"ልሞቅ ነው።"

"በሽቦ?"

አስረዳሁት። ሽቦው በደረትና በጀርባ ይዞራል፤ ከሽቦው በአንድ ወገን ወፍራም ጥጥ፣ በሌላው ወገን ስስ ጨርቅ ይሆናል። ሙቀቱ ጥጡን ማለፍ ስለማይችል በስሱ በኩል ወደ ገላዬ ይገባል። አብዱላሂ ጢሙን እየደባበሰ ሰማኝና "ኢንሻአላህ ለጁምዓ ማግስት" አለኝ።

በቀጠሮዬ ስሄድ ሰደርያው ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ያማረ ሥራ ነው። አንዱ ፊት ጥቁር፣ ሌላው ፊት ቀይ፤ በሁለቱም በኩል ስፌቱ የተዋበ፣ ጠርዙ በሐር ክር የተቀመቀመ። ውስጡ የቱ እንደሆነ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

"ውስጡ በየት በኩል ነው?" አልኩት።

"የምን ውስጥ? የእኛ ሴቶች ቀሚስ አንዱ ፊት ጥቁር፣ ሌላው ቀይ መሆኑን አታውቅም? ለአዘቦት አንዱን፣ ለዒድና ለሠርግ ሌላውን ገልብጠው ነው የሚለብሱት። ፊት አንድ ብቻ የሆነ ልብስ ከእጄ አይወጣም፤ ሰው ምን ይለኛል?"

እኔም እንደ ማንኛውም መንግሥት ሠራተኛ ጥቁሩ ለውጭ፣ ቀዩ ለውስጥ እንደሆነ ወሰንኩ። እሑድ አስቴርን ከኋላዬ ጭኜ ወደ ሐኪም ጋራ ለሙከራ ወጣሁ። ሽቦውን ከባትሪው አገናኘሁና ሙቀት ስጠብቅ ነፋሱ ደረቴን አልፎ አንጀቴ ገባ። ጫፍ ላይ ስንደርስ በንዴት ነድጄ ነበር፤ በንዴት ብቻ። አስቴር ግን ጉንጯ ቀልቶ ወረደች።

"እንዴት ደስ የሚል ሙቀት ነው!" አለች።

"የቱ ሙቀት?"

"ጀርባህ ነዋ! ተለጥፌብህ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።"

ስሱ ጨርቅ በጥቁሩ በኩል ነበር። ጥቁሩ ወደ ውጭ ሲሆን ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ይሞቃል፣ እኔ እቀዘቅዛለሁ። ቀዩ ወደ ውጭ ሲሆን እኔ እሞቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩን ወደ ውጭ አድርጌ እንደ ሙሽራ አጃቢ ስዞር ከረምኩ። ይሳቅብኛል፤ ግን ይሞቀኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ መነሻ

ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ሰደርያውን ባሻ እንዲለብሱት ለመንናቸው። እግራቸውን እየታጠቡ ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝ።

"ካፖርት አልለብስም ብዬ የኤሌክትሪክ ካፖርት ልልበስ? አቦ ተወኝ! እኔ ስእለት ልከፍል ነው የምሄደው ወይስ ገብርኤልን ልሸውድ?"

ሰደርያውን እንደ ልማዴ ቀዩን ወደ ውጭ ገልብጬ ወንበር ላይ አስቀምጬ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል ሹራቤን፣ ጓንቴንና ጋዜጣዬን ይዤ ስወጣ አስቴር ሰደርያውን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ጥቁሩ ወደ ውጭ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጄን አስገባሁ። በሰባት ዓመት ትዳራችን ከአባቷና ከእኔ ማን እንደሚበልጥባት ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ያለ ጥያቄ መለሰችልኝ። ቅር አለኝ ብል ውሸት ነው፤ እኔም ብሆን ያንን ሽማግሌ እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው። የቀረብኝ ሙቀት ግን ቀርቶብኛል።

ባሻ በስስ ሸሚዝና በነጠላ ወጡ። አንድ ሻማና በወረቀት የተጠቀለለ ዕጣን ይዘዋል። ገመዱን ከመቀመጫው ሥር ሳገናኝ "የመብራት ነው" አልኳቸው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ ከዚህ በላይ አልተናገርኩም።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ዘብ የእጅ ባትሪውን አበራብን። የይለፍ ወረቀታችን ላይ ቀበሌው "ለቤተሰብ ጉዳይ" ብሎ ጽፎልናል። ዘቡ ወረቀቱን ተወና ከወገቤ የወረደውን ሽቦ ያዘ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ባሻ በዚህ መሐል ወርደው ከሌላው ዘብ ጋር ሰላምታ ይዘዋል፤ ድሮ ያሠለጠኑት ኖሯል። እኔ ዘቡን ወደ ጎን ሳብ አደረግኩት።

"ማሞቂያ ነው" አልኩት በሹክሹክታ። "ስእለት አለባቸው፣ እንዳይሰሙ። ጀርባዬን ዳስሰው።"

በጥርጣሬ እጁን አሳረፈ። ቀስ ብሎ ሁለተኛውንም ጨመረ። መሣሪያውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ቆይቶ ቆይቶ፣ "ለአንድ ሌሊት ጥበቃ አታውሰኝም?" አለኝ። በሰላም አሳለፈን።

አለማያና ደንገጎ

አወዳይ ስንደርስ ገና ጨለማው አልለቀቀም። ጫት ነጋዴዎቹ ፋኖስ አብርተው በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለውን እስር መኪና ላይ ይጭናሉ። ቀጥሎ አለማያ ነው። ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ ውኃው አይታይም፤ የዳክዬዎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከሐይቁ የሚነሣው ቅዝቃዜ ጉልበቴን ያዘኝ። ደረቴ ላይ ያለው ሽቦ የሚያመነጨውን ሙቀት ነፋሱ እየጠራረገ ይወስደዋል፤ የአለማያን ሜዳ እያሞቅኩ ነው የምሄደው ማለት ነው። ከኋላዬ ግን ባሻ ደረታቸውን ጀርባዬ ላይ ለጥፈው መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ሲያስሉ አልሰማሁም፤ በዚያ ብቻ ደስ አለኝ።

መንገዱ አንድ ወጥ የሰው ወንዝ ነው። ነጠላ የለበሱ፣ ድንጋይ የተሸከሙ፣ ጃንጥላ ለስእለት የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች በሁለቱም ዳር ይሄዳሉ። ሰው የጫኑ የጭነት መኪናዎች ጥሩንባ እየነፉ ያልፉናል። በየመንደሩ ገበሬዎች በር ላይ ቆመው ያያሉ፤ አንዳንዱም ለመንገደኛው ውኃ ያቀርባል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ደንገጎ ደረስን። ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ቁልቁል ይወርዳል፣ የእኛው ከፍታውን ይዞ ወደ ቁልቢ ይቀጥላል። ነፋሱ በዚያ ክፍተት ነው የሚገባው። ጣቶቼ ከመሪው አልላቀቅ ስላሉኝ ባሻ አንድ በአንድ አላቀቁልኝ።

ከመንገዱ ዳር አንዲት የኦሮሞ እናት በጀበና ሳይሆን በትልቅ ድስት ሆጃ አፍልተው ይሸጣሉ፤ የቡና ገለባ ከወተትና ከጨው ጋር የተፈላ፣ የዚህ አገር የብርድ መድኃኒት። ሽታው ብቻውን ያድናል። ነገር ግን የነቢያት ጾም ነው፤ ወተት አይቻልም። ባሻ እስከ ቅዳሴ መልስ ውኃም አይቀምሱም። እኔ ለራሴ ሻይ ገዛሁ፣ ሁለት ብርጭቆ በስሙኒ። ብርጭቆውን ይዤ ስንቀጠቀጥ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሴትየዋ ባሻን በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቋቸው።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"'ልጁ ወባ አለበት ወይ?' ነው የሚሉኝ" አሉ ባሻ። እኔን ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ሰደርያዬን አዩ። ከዚያ እንደገና እኔን።

ከደንገጎ ስንነሣ አንድ ነገር ተለወጠ። ጀርባዬ ቀዘቀዘኝ። ባሻ የመቀመጫውን የኋላ ብረት ይዘው፣ ደረታቸውን ከጀርባዬ አርቀው ተቀምጠዋል። "አባባ ይጠጉ፣ ይወድቃሉ!" ብዬ ጮህኩ። "ደህና ነኝ፣ ንዳ!" አሉ። ምን እንደሆኑ አልገባኝም። ቀርሳን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ሳላቸው መጣ። ያ ሆስፒታል ያስተኛቸው ሳል፣ ከሥር ተነሥቶ የሚያንቀጠቅጠው። እያንዳንዷ ሳል በእኔ ደረት ያለፈች ያህል አመመኝ። መንገድ ላይ ቢሞቱብኝ አስቴርን በምን ዓይኔ አያታለሁ እያልኩ ነዳሁ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቀስ ብለው ተመልሰው ተጠጉኝ። ሳሉም ቀለል አለ።

ቁልቢ

እስካሁን ያልነገርኳችሁ የሰደርያውን ችግር ነው። ሞተሩ በደንብ ሲሮጥ ዲናሞው ባትሪውን ይመግባል፤ በዝግታ ሲሄድ ግን ሽቦው ከሚመገበው በላይ ይበላል። ስለዚህ ሰው የበዛበት ቦታ ሲደርሱ ማጥፋት ያስፈልጋል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ወደ ቁልቢ ሲቃረብ መንገዱ በሰው ተዘጋ። በአንደኛ ማርሽ፣ በሕፃን እርምጃ እንሄዳለን። ማጥፊያው ግራ እጄ ሥር ነው። እጄን ወደዚያ በሰደድኩ ቁጥር ባሻ ሳል ያደርጋሉ፣ እጄም ትመለሳለች። የፊት መብራቱ ደበዘዘ፣ ጥሩንባው ተዘጋ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ሲታይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገራግጮ ቀጥ አለ።

"ባትሪው ሞቷል" አልኩ።

"ታዲያ ምን ታለቅሳለህ፣ እንግፋው" አሉ ባሻ።

ሐረር ያህል አገር አቋርጦ የመጣ ሁለት ሰው ሞተር እየገፋ ዳገቱን ተያያዘው። በጉልበታቸው ከሚድኹ ስእለተኞች መሐል እኛም የራሳችን ስእለት ያለን መሰልን። አንድ ጎረምሳ "ሞተር ነው የተሳላችሁት?" ብሎ ከኋላ ገፋልን። ሞተሩን ሻይ ቤት ጓሮ በአደራ አስቀምጠን ወደ ደጁ ወጣን።

ታቦቱ እስኪወጣ ባሻ በነጠላቸው ብቻ ቆሙ። ፀሐይ ወጥታለች፤ የቁልቢ ታኅሣሥ ፀሐይ ግን ለዓይን እንጂ ለገላ አይደለችም። እልልታው፣ ከበሮው፣ የጃንጥላው ጥልፍ፣ የሰዉ ግፊያ እንዳለ ሆኖ እኔ የማየው የእሳቸውን ከንፈር ነበር። ሰማያዊ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ለማን ምን እንደሚሉ አልሰማም። ሻማቸውን አበሩ፣ መሬት ሳሙ፣ ብድግ ሲሉ ፊታቸው በእንባ ረጥቧል። ልጄን መልሰህልኛል የሚል ፊት ነበር፤ እኔም አለቀስኩ።

ቅዳሴ ሲያልቅ ሣር ላይ ቁጭ ብለን ከአስቴር ስንቅ የጾም ዳቦና ቆሎ ቀማመስን።

"መምህር" አሉኝ።

"አቤት አባባ።"

"ሁልጊዜ ቀይ ለብሰህ ነው የምትሄደው። ዛሬ ለምን ጥቁር?"

በእጄ የያዝኩትን ቆሎ መልሼ አስቀመጥኩ።

"ኬላው ላይ ዘቡ እጁን ጀርባህ ላይ ሲያሞቅ አይቻለሁ" አሉ። "የዘመኑ ልጅ ወግ አያውቅም ብዬ ተውኩት። ደንገጎ ላይ ነው የገባኝ። የሰው ጀርባ እንዲህ አይሞቅም፤ እኔ ምሽግ ውስጥ ከስንት ሰው ጋር ጀርባ ለጀርባ አድሬአለሁ።"

"አባባ ይቅርታ—"

"ቆይ ልጨርስ። ተናድጄ ነበር። ልወርድና በእግሬ ልሄድ ነበር። ኋላ አንተን አየሁህ፤ ሻይ መያዝ አቅቶህ። ለካ ሙቀቱን ወደ እኔ፣ ብርዱን ወደ ራስህ ነው ያዞርከው።" ከቆሎው ዘገኑ። "ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳሉ ሲመጣ ግን ሥጋ ደካማ ነው፣ ተጠጋሁ። ያንን ለገብርኤል አልደበቅኩትም። 'ስእለቴ ብርዱን መቻል ነበር፤ የመንገዱን ብርድ የቻለልኝ የልጄ ባል ነው፣ በእሱ ስም ቁጠርለት' አልኩት።"

ሰው ስለ አማቹ ከገብርኤል ጋር ሲማከር ሰምቼ አላውቅም። ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸውም "በል ተነሣ፣ መንገድ አለብን" ብለው ጀርባዬን ቸብ አደረጉኝ።

ወደ ሐረር

ስምንት ሰዓት ላይ ሞተሩን ቁልቁል ገፍተን አስነሣነው። ባትሪው ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልዳነም፤ ዲናሞው ሞተሩን ከማስኬድ አልፎ ለሽቦው የሚተርፈው የለውም። ሰደርያው አሁን ልብስ ብቻ ነው። ስእለታቸው ስለተፈጸመ ሹራቤን አውልቄ ባሻን አለበስኳቸው። እምቢ ሊሉ ሲጀምሩ "አባባ፣ ገብርኤል ተቀብሏል፣ አሁን የምትጠብቅዎት አስቴር ናት" አልኳቸው። እሷን መፍራታቸው ሠራልኝ፤ ለበሱ።

ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ። ደንገጎ ስንደርስ ጉሙ ከቆላው ወደ ላይ እየተንከባለለ መንገዱን ሞልቶታል። የጠዋቷ ሴትዮ ሆጃቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ባሻ ነጠላቸውን ከኋላ በደረቴ ዙሪያ ጠምጥመው አሰሩልኝ። እስከ አለማያ ድረስ "አይዞህ፣ አይዞህ" ይሉኛል፤ ለወታደሮቻቸው ይሉት እንደነበረው ይመስለኛል። ጥርሴ ተገጣጥሞ ስለቀረ አልመለስኩም።

ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አስቴር ካፖርቱን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ሮጣ አባቷን አለበሰቻቸው፣ ግንባራቸውን ዳሰሰች፣ ደረታቸው ላይ ጆሮዋን አሳረፈች፣ "ተመስገን" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ከሞተሩ ላይ መውረድ አቅቶኝ እንደተቀመጥኩ ነበር።

የጉዞው ትርፍ

ብርድ መታኝ። ለሽማግሌው የፈራነው ብርድ ጎልማሳውን አገኘ። ሳንባዬን ነው አሉኝ፤ መርፌ ተወጋሁ፣ በትኩሳት ቃዠሁ። ባሻ ካፖርታቸውን ለብሰው ከአልጋዬ አጠገብ ከወንበር አልተነሱም አሉኝ፤ እኔ አላስታውስም።

አብዱላሂ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነገሩን ሁሉ ሲሰማ አፉን በእጁ ያዘ። "ማሻአላህ! ታዲያ ሁለት ፊት ማድረጌ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?" አለኝ። እኔም እሱን እያሰላሰልኩ ነው ያገገምኩት። ጉዞው ያስተማረኝን ማንኛውም ሞተር ነጂ ቢያውቀው አይጎዳም። ሙቀት ከሚሰጥ ልብስ በመጀመሪያ መሰፋት ያለበት ጓንቱ ነው፤ እጅ ካልታዘዘ የቀረው ገላ ቢሞቅ አይነዳም። ባትሪው ሁለት ሰው አይችልም። አንድ ሽቦ ያለው ሙቀት ያው ነው፤ ለአንዱ ስትሰጠው ከሌላው ላይ ይነሣል። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ያስተማርኩት ይኸንኑ ነበር፤ በገላዬ ስማረው ግን ሌላ ትምህርት ሆነብኝ። ደግሞም ያ ማለዳ ቢመለስልኝ ያንኑ ጥቁር ፊት ወደ ውጭ አደርገዋለሁ።

ትኩሳቱ በለቀቀኝ ማግስት አስቴር ሾርባ ይዛ ገባች። ፊቷ ላይ ደስታም ጭንቀትም አለ።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"አባባ ስእለት ገቡ።"

"ደግሞ ለማን?"

"ላንተ። ያን ሌሊት ስትቃዥ። ከተነሣህላቸው ለሚመጣው ታኅሣሥ ቁልቢ ሊሄዱ።"

"ካፖርታቸውን ለብሰው?"

"ያለ ካፖርት። በእግራቸው።"

ሾርባውን አስቀመጥኩት። እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ደህና ሆኜ ሳለሁ ሁለት ቀን ተኛሁ። ተኝቼ እስካለሁ ስእለቱ አልደረሰም። በእግር ለሚሄድ ሰው ባትሪውን ማን ይሸከምለታል እያልኩ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን ባሻ ገቡ። ግንባሬን ዳሰሱ። ዓይኔን ገልጠው አዩ። ወታደር ናቸው፤ ታመምኩ ብሎ የሚተኛ ስንት ጎረምሳ አይተዋል።

"ተነሣ" አሉኝ።

ተነሣሁና ቆምኩላቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "ተመስገን" አሉ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንድ ጫማቸውን አወለቁ፣ ገልብጠውም ሶሉን በአውራ ጣታቸው ይጫኑት ጀመር።